ሜዳሊያውን ወይስ ዳገቱን?

“አስበው፣ እመነው፣ ታገኘዋለህ” የሚለው ስብከት ከቲክቶክ አልፎ አዳራሽ ሞልቷል። ዓይንህን ጨፍን፤ መኪናውንና ቪላውን አሁን በእጅህ እንዳለ አድርገህ ተመልከት ይላል። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የሚውለውም ሆነ ቡራዩ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተተው ወጣት የዚህ ገበያ ደንበኛ ነው። ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፦ “ከልብህ አላመንክም!” ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የአሠልጣኙ፣ ጥፋቱ የሠልጣኙ ሆኖ ይቀራል።

ግብን በሐሳብ ማየት ግን ከንቱ ነገር አይደለም። ጥያቄው ምኑን ነው የምናየው ነው።

አበበ ቢቂላን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ ከውድድሩ አስቀድሞ እሱና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የማራቶኑን መንገድ ተዘዋውረው አጥንተውታል። ጣሊያን ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ከፍጻሜው ብዙ ሳይርቅ ቆሞ ነበር፤ ማፈትለኪያ ምልክታቸው እሱ እንዲሆን ተስማሙ። በባዶ እግሩ የሮጠው የክብር ዘበኛ ወታደር ሞሮኳዊውን ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ በ2:15:16 ገባ። (ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው ከ45 ዓመት በኋላ ነው።) አበበ በልቡ ይዞት የሄደው የወርቁን ብልጭታ ብቻ ሳይሆን መንገዱን ነበር።

ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ሊየን ፋም እና ሼሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ፈተና የደረሰባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፊሎቹ ከፍተኛ ውጤት ሲያመጡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ራሳቸውን በየቀኑ በሐሳባቸው እንዲያዩ ተደረገ። የበለጠ ያጠኑትም፣ የተሻለ ያመጡትም ማጥናቱን ያሰቡት ናቸው። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ጋብርኤሌ ኦቲንገን ደግሞ ከምኞቱ ጎን እንቅፋቱንም ማሰብ እንደሚያስፈልግ ለዓመታት ስታሳይ ቆይታለች። ጣፋጭ ሕልም ብቻውን ሰውን ያዘናጋዋል፤ አእምሮ የደረሰ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ሱሉልታ እንምጣ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሯጮች ከተማ ናት። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚህ ነው። ከየገጠሩ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ ሌሊት ተነስተው በሰልፍ ይሮጣሉ። ዲሲፕሊናቸው ያስቀናል። ግን ብዙዎቹ በልባቸው የያዙት ስዕል አንድ ነው፦ ባንዲራ ለብሶ መግባት። ማናጀር ማጣት፣ ቪዛ መከልከል፣ የጅማት ጉዳት በዚያ ስዕል ውስጥ የሉም። ቀነኒሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ በ2:01:41 ሲገባ የዓለም ክብረ ወሰን ያመለጠው በ2 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያለችውን 2 ሰከንድ ማን በሕልሙ ያያታል?

ስለዚህ አዲስ ልጅ ሱሉልታ ሲደርስ “ምን መሆን ትፈልጋለህ?” ተብሎ ባይጠየቅ ይሻላል፤ እሱንማ ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ያውቀዋል። “ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ዝናብ ቢዘንብ ምን ታደርጋለህ? እግርህ ተጎድቶ ሦስት ወር ብትተኛስ፣ ኪራዩን ማን ይከፍልልሃል?” ተብሎ ይጠየቅ።