ኮከብ ፍለጋ ወደ ላንጋኖ

የመወሰኛችን ሰዓት ሐሙስ ማታ ነበር። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ላንጋኖ ዳር ሁለት ሌሊት ልናድር ቀብድ ከፍለናል። ስልኬ ግን ቅዳሜ ማታ ደመና፣ እሑድ ደግሞ ደመናና ካፊያ ይላል። በጥር!

«እንግዲህ ዘንድሮ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ነው» አለች ባለቤቴ። አባቴ ሶፋው ጥግ ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ፤ ምንም አላሉም። ሁለታችንም ወደ እሳቸው አየንና ዝም አልን።

አባቴ ግላኮማ አለባቸው። ሐኪማቸው እንደነገሩን በሽታው የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው የዳር ዳሩን እይታ ነው፤ የሄደውም አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። እሳቸው መንዝ ውስጥ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሌሊቱ ምን ያህል እንደገፋ በኮከብ ይለዩ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን የሚያውቁት የአዲስ አበባን ሰማይ፣ ማለትም የመንገድ መብራት ያጠበውን ሰማይ ነው። ስለዚህ «የሚቀጥለው ዓመት» በቤታችን ቀላል ቃል አይደለም።

ቀኑን የመረጥነው በጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሳምንት የትም ብትሄዱ ደብዛዛ ኮከቦች አይታዩም። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ሙሉ ከሆነች ከአራትና አምስት ቀን በኋላ የምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ጨለማ ይሆናሉ። ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ የሚገኘው ግን አዲሷ ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን ነው። የጨረቃን ነገር ዓመት ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ደመናን ግን ሦስት ቀን ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ያን ማታ ትንበያውን እንደገና ሳየው አንድ ስህተቴን አገኘሁ። «40 በመቶ» የሚለውን ሳነብ ሰማዩ 40 በመቶ ይሸፈናል ማለት መስሎኝ ነበር። ለካ የዝናብ ዕድል ነው። ኮከብ ለሚያይ ሰው የሚጠቅመው «የደመና ሽፋን» የሚለው፣ እሱም በየሰዓቱ የተከፈለው ነው። እሱን ሳየው ምሽቱ ጥቁር ቢሆንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቁጥሩ ይወርዳል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቀን መሬት ሲሞቅ የሚነሳው ደመና ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ይበተናል። (ደጋ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ሌሊት የጠራው ሰማይ ንጋት ላይ ጉም ሊያለብሳችሁ ይችላል።)

እንሂድ አልን። ለባለቤቴ አንድ ቃል ገባሁ፤ ኮከብ ባይታይም ልጆቹ ዋኝተው፣ ዓሣ በልተው የሚመለሱበት ጉዞ ይሆናል። ሰማይ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ጉዞ ልጅን ያስለቅሳል፤ አዋቂንም ያነጫንጫል።

ከአዲስ አበባ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል። ሳይመሽ መድረስ ደንባችን ነው፤ ኮከብ ፍለጋ ብሎ ከቤተሰብ ጋር በሌሊት መንዳት የለም። ሐይቁ እንደ ሁልጊዜው ቡናማ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ልጆቹ ሳይውል ሳያድር ገቡበት። አባቴ የግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ፍየሎቹን ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው ምሽት ባዶ ነበር። ልጄ ደመናው መሐል አንዲት ኮከብ አገኘሁ ብሎ ጮኸ፤ አውሮፕላን ሆነች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ወጣሁ፤ ያው ነው። እሑድ ከሰዓት ካፊያው እንደተባለው መጣ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ብትል ይሻለኝ ነበር። የእንግዳ ማረፊያው ጥበቃ ግን ከሐይቁ ማዶ ያለውን ሰማይ አይቶ «ሌሊት ይገለጣል» አለኝ። በሳተላይት ምስሉም ደመናው እየሳሳ ነበር። ከሁለቱ የትኛውን የበለጠ እንዳመንኩ አልናገርም።

ማታውኑ ዕቃውን አዘጋጀን፤ ጋቢዎች፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ምንጣፍ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት (ስምጥ ሸለቆ ነውና)፣ የእጅ ባትሪ። ባትሪው አፍ ላይ ቀይ ላስቲክ አሰርንበት። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዲት የስልክ ብልጭታ ያንን ሁሉ ታጠፋዋለች፤ ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አይጎዳም። ስልኮቹን ሻንጣ ውስጥ ቆለፍን። ከልጆቹ ይልቅ ለኔ ነበር የከበደኝ።

10 ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ። ቀና አልኩ። ሰማዩ ተከፍቷል።

አባቴን ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ላንጋኖ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 7 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች የሁለቱንም ወገን ሰማይ ታሳያለች። በጥር መጨረሻ፣ በዚያ ሰዓት፣ ወደ ደቡብ ስትዞሩ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ኮከቦች ከአድማስ ከፍ ብለው ቆመዋል። ወደ ሰሜን ስትዞሩ የትልቁ ድብ ሰባት ደማቅ ኮከቦች ተደፍተው ይታያሉ። ከእነሱ ሁለቱ ወደ ታች፣ ወደ ሰሜን ኮከብ ያመለክታሉ። የሰሜን ኮከብ ግን ከአድማስ ከ8 ዲግሪ በታች ስለሆነች በዚያ ሌሊት ጭጋጉ ውጧት ነበር። አውሮፓ ያለ ሰው የደቡቡን መስቀል አያይም፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው ደግሞ የሰሜኑን ኮከብ አያገኝም።

ለልጆቹ አንድ ዘዴ አሳየኋቸው። ደብዛዛ ኮከብን ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ ከምታዩት ትንሽ ወደ ጎን ብታዩ ይበልጥ ይታያችኋል፤ የዓይናችን ዳር ለደካማ ብርሃን ከመሐሉ ይልቅ ንቁ ነው። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ አባቴ ትዝ አሉኝ። ለእሳቸው የቀረው መሐሉ ነው።

«መስቀሏን አየኋት» አሉ በመጨረሻ። «አራት ናቸው።»

«አምስት ናቸው፣ አባባ» አለች ልጄ።

እውነቷን ነው። አራቱ ደማቅ ናቸው፤ አምስተኛዋ ትንሽ፣ ከመሐል ወደ ጎን ያለች ናት። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው እንደገና አዩ። ልጄ ሌባ ጣታቸውን ይዛ ወደ ሰማይ አነሳችውና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለች በየኮከቡ ላይ አሳለፈችው፤ አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ ጣታቸውን አቁማ ጠበቀች።

«እዚህ ጋ?» አሉ።

«እዚሁ ጋ።»

እጃቸው ሳይወርድ ብዙ ቆየ። ከሐይቁ በኩል ደመናው ተመልሶ መምጣት ሲጀምር ባለቤቴ ሻዩን ቀዳች።