የአማቼ ሸራ

እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲያይል እነሱ ዘንድ በጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ኔዘርላንድ ሄጄ ነበር። እዚያ አገር ሰው በጋ ሲገባ ቤቱን ዘግቶ ሌላ ቤት በመኪና ይጎትታል። ካራቫን ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፤ የሚጎድለው በረንዳ ስለሆነ ከጎኑ ትልቅ ሸራ ይወጠርለታል።

እህቴ ገና ከአውሮፕላን ጣቢያ ስንወጣ አስጠነቀቀችኝ። «ሸራውን ሲወጥር ካልጠየቀህ እንዳታግዘው!» ባሏ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት መጋቢት ደግሞ ትከሻውን ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ባለፈው በጋ ሸራው አልገባ ብሎት ሁለት ሰዓት ሲታገል ሊያግዘው የመጣውን ጎረቤት ተቆጥቶ መልሶታል። ዘንድሮም እምቢ ካለው ካራቫኑን እሸጣለሁ ብሏል።

«ይሽጠዋ!» አልኳት።

«ከሸጠው በኋላ ቤት ውስጥ አብሬው የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸራው ካራቫኑን በሚነካው ጠርዙ ላይ ገመድ ተሰፍቶበታል። በካራቫኑ ጎን ደግሞ ከታች ተነሥቶ፣ በጣሪያው ጠርዝ ዞሮ፣ በዚያኛው በኩል የሚወርድ ቀጭን የአሉሚኒየም ቦይ አለ። ገመዱ በቦዩ አፍ ገብቶ ዘጠኝ ሜትር ያህል መንሸራተት አለበት።

እኔ የማውቀው ድንኳን የዕድር ነው። አንዱ ምሰሶ ሲያቆም ሰፈሩ ሁሉ ገመድ ይዞ ይጯጯኻል፤ ላግዝ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። አማቼ ግን በርጩማ ላይ ወጥቶ ብቻውን ይጎትት ጀመር። አንድ ሜትር ያህል ገባና ቆመ። ፊቱ ቀላ። እህቴ ሰላጣ ትከትፋለች፤ የሚሰማው ቢላዋው ብቻ ነው።

ቀስ ብዬ ተጠግቼ ቦዩ ውስጥ ጣቴን ብሰድ ጠቁሮ ወጣ። የዓመታት አቧራ ነው። ወዲያው እናታችን ትዝ አለችኝ። የጃኬቴ ዚፕ በጠበቀ ቁጥር የሻማ ቁራጭ ታሽበት ነበር። ዘይት ልቀባው ስላት፣ «አቧራ ይሰበስባል፤ ጨርቁንም ያበላሻል» ትለኛለች።

«እናቴ የምታደርገውን አንድ ነገር ላሳይህ?» አልኩት። (በአማርኛ ቢሆን አንቱ ነበር የምለው፤ እንግሊዝኛ ገላገለኝ።) የእናት ነገር ሲነሣ እምቢ ማለት ያስቸግራል መሰለኝ፣ ወረደ።

ቦዩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን አደረቅነው። ለዚህ የሚሆን የሚረጭ ሲሊኮን ይሸጣል፤ እኛ ግን የነበረን ሻማ ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸሁት። የቦዩ አፍ ስለታም ሆኖ ሸራውን ይነክስ ስለነበር አማቼ ራሱ ሞረድ አምጥቶ አለሰለሰው።

ከሻማው የበለጠው ግን ሌላ ነው። ለካ ሸራውን የሚስበው ወደ ታች፣ ወደ ራሱ ነበር፤ ገመዱ ቦዩ ውስጥ እየተጣመመ ይያዛል። መሳብ ያለበት በቦዩ አቅጣጫ ነው። ደግሞም ዋናው ሰው የሚስበው ሳይሆን አፉ ላይ ቆሞ ሸራውን ሳይታጠፍ የሚያቀብለው ነው። የቦዩ አፍ ደግሞ ከደረት ከፍ አይልም፤ ክንድ ማንሣት የለም።

«አንተ አቀብል፤ እኔ ልሳብ» አልኩት።

እህቴ መክተፏን አቆመች። እሱ ጥቂት አሰበና ሸራውን በሁለት እጁ ይዞ አፉ ላይ ቆመ።

አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ማዕዘኑ ላይ አንዴ ያዘን፤ እሱ ጥቂት ወደ ኋላ መለሰው፣ እኔ ሳብ አደረግሁ፣ አለፈ።

አመሰገነኝ ብዬ አልዋሽም። ራቅ ብሎ ቆሞ ሸራውን አየና፣ ወደ ግራ ሁለት ጣት ይቀረዋል አለኝ። ሳብኩት።