ቀድማ ያወቀች፦ በጌዴኦ የኤችአይቪ ምርመራና ለትዳር ጓደኛ ማሳወቅ

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና ገበያ ከተማ ናት። ሹፌሩም ነጋዴውም ያልፍባታል፤ አንዳንዱም ያድርባታል። ስለ ኤችአይቪ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው በዚህ መንገደኛ ላይ ነው። ለማሳወቅ እጅግ የሚያስቸግረው ውጤት ግን ከጎዳናው ርቆ፣ በእንሰትና በቡና መካከል ባለው ጎጆ በባልና በሚስት መሃል የሚቀረው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደው የኤችአይቪ ተጽዕኖ ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች ይህንኑ የሚያውቁት 79 በመቶ ያህሉ ናቸው። ካወቁት ውስጥ ግን 97 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒት ጀምረዋል። ሰዎችን ከሕክምና ያራቀው በዋናነት አለማወቅ እንጂ የመድኃኒት እጦት አይደለም።

ሴቲቱ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ምርመራው ያገኛታል። ለጽንሱ ያላት ስስትም ፍርሃቷን ያሸንፋል። ለወንዱ እንዲህ ያለ በር የለውም። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከሠርጉ በኋላ ግን የሚጠይቅ የለም። ባልም የሚስቱን ነፃ መሆን እንደ ራሱ ውጤት ይቆጥረዋል። ከጥንዶች አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ለዓመታት ነፃ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል አይነገረውም፤ ቢነገረውም አያምንም።

ሴቲቱ ቫይረሱ ከተገኘባት ነገሩ ይገለበጣል። ምርመራው በማን ደም ቫይረሱ እንዳለ ይናገራል እንጂ ማን እንዳመጣው አይናገርም። በቤት ውስጥ ግን ቀድሞ ያወቀ ቀድሞ እንደ ተያዘ ይቆጠራል፤ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ይባላል። መሬቱና የቡናው ገንዘብ በባል እጅ ሲሆን፣ መናገር ከልጆችና ከቤት እስከ መነጠል ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ዝምታዋን «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ መሰየም ስህተት ነው። ዝምታዋ ስሌት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የማሳወቁን ሥራ ተመርማሪው ከፈቀደ ባለሙያ እንዲያግዘው መክሯል። አንደኛው መንገድ ባለሙያው የተመርማሪውን ስም ሳይጠቅስ የጾታ ጓደኛውን መጥራት ነው። በልዩ ልዩ ከተሞች ጓደኞች ላሉት ሹፌር ይህ ይሠራ ይሆናል። አንዲት ሚስት ብቻ ያለችው ገበሬ ግን ጥሪው ሲደርሰው የማን ስም እንደ ተደበቀ ወዲያው ያውቃል፤ ምስጢሩ በሴቲቱ ላይ ይገለጣል።

ለገጠሩ የሚሻለው ጥንዶቹ ከመጀመሪያው አብረው መጥተው፣ አብረው ተመርምረው፣ ውጤቱን አብረው መስማታቸው ነው፤ ያኔ ቀድሞ ያወቀ የለም። ግብዣው ከቡና ለቀማ ጋር ከተጋጨ ግን ባል አይመጣም። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች አንዳንድ ሴቶች ውጤታቸውን እያወቁ፣ ባላቸውን አግባብተው እንደ አዲስ አብረው ሲመረመሩ ታይቷል። ይህን ማታለል ነው የሚል አለ፤ ከመደብደብና ከመባረር ጋር ሲመዘን ግን ጥፋቱ ቀላል ነው። መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በምርመራው ዕለት እንዲጀመር ይመከራልና፣ ባል ለቀማውን ጨርሶ እስኪመጣ ድረስ በአንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ የክኒኑን ብልቃጥ ከዓይኑ የምትሰውረው እርሷው ናት።