ፀሐይ ያልነካው ቀለም



በቤተ ክርስቲያናችን ያለ አንድ ወንድም፣ እዚህ አሜሪካ፣ የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ሼቭሮሌ ሲ10 ፒክአፕ ጋቢና ያድሳል። ከሁሉ ያስቸገረው ሞተሩ ሳይሆን የቪኒሉ ቀለም ነው።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ፀሐይ የመታው ወንበር፣ የበር ልባስና ዳሽቦርድ እያንዳንዱ በራሱ መጠን ደብዝዟል። ታዲያ አዲሱ ቀለም ከየትኛው ጋር ይመሳሰል? ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የበሩን የእጅ መደገፊያ ፈትተው ከሥሩ ያያሉ። ፀሐይ ያላገኘው ያ ትንሽ ቦታ የመጀመሪያውን ቀለም ጠብቆ ይቆያል። መለኪያው እርሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እንዲያብረቀርቅ ለዓመታት የተቀባው ሲሊኮን ያለበት ቅባት ታጥቦ ካልወጣ፣ አዲሱ ቀለም አይይዝም፤ ዛሬ አምሮ ነገ ይላጣል። ቀለሙም በአንድ ጊዜ በወፍራሙ አይቀባም፤ በስሱ፣ እያደረቁ፣ ደጋግመው ይነፉታል። ተመሳስሏል ወይስ አልተመሳሰለም የሚባለውም ከደረቀ በኋላ በቀን ብርሃን ታይቶ ነው።

አንድ ወጣት ከሱስ ወጥቶ ወደ ጌታ ቤት ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ የምንመኝለት እንደ ነባሮቹ አማኞች እንዲሆን ነው። ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት በቤቱ የተቀመጠ ሰው ጸሎቱ አጥሮ፣ ለጠፋው ነፍስ የሚያፈስሰው እንባ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሁሉም አብሮ ሲደበዝዝ ልዩነቱ አይታይም። አዲሱ ሰው እያለቀሰ ሲጸልይ፣ ላገኘው ሁሉ ስለ ኢየሱስ ሲናገር፣ «ተዉት፣ ቆይቶ ይበርዳል» ይባላል። ወገኖቼ፣ ምናልባት እርሱ ከልክ በላይ ደምቆ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ደብዝዞ ቢሆንስ?

ሮሜ 8፥29 የምንመስለው ማንን እንደሆነ ይነግረናል፤ የእግዚአብሔርን ልጅ ነው። መለኪያችን አጠገባችን የተቀመጠው ሰው አይደለም። መዝሙር 51ንም አንብቡ፤ ዳዊት አስቀድሞ መታጠብን ለመነ፣ መታደስን የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ንስሐ የሌለበት አገልግሎት በቅባት ላይ የተነፋ ቀለም ነው።

አዲስ የተመለሳችሁ፣ ራሳችሁን በእኛ አትለኩ። ጌታን ገና የምትፈልጉ ወዳጆች፣ የእኛን መደብዘዝ አይታችሁ እርሱ እንዲህ ነው አትበሉ፤ ወንጌልን ገልጣችሁ ራሱን ኢየሱስን ተመልከቱ። በቤቱ የቆየን ደግሞ፣ መጀመሪያ ያመንንበትን ቀን ፍቅር እናስብ፤ እንዲያጥበንም እንፍቀድለት። በአንድ ቀን ካልተለወጥን ተስፋ አንቁረጥ፤ እርሱ በየዕለቱ በትዕግሥት ይሠራል።

ጌታ ይባርካችሁ።