ታርጋውን ለማየት ሌላውን ማጨለም

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ፣ የሰፈራችንን ዘበኛ፣ ጋሼ የምንላቸውን፣ መኪና ገጭቷቸው አመለጠ። ዝናቡ ጋብ ሲል በሮቹን ዞር ዞር ብለው ሊያዩ ከቆርቆሮ ጎጇቸው መውጣታቸው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ቀኝ እግራቸው ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ወራት አልጋ ላይ ከረሙ።

በማግስቱ ማለዳ ስድስት ሰባት ጎረቤት ሆነን እኔ ሳሎን ውስጥ ቪዲዮውን አየነው። ካሜራው የእኔ ነው፤ «ሌሊቱን ቀን አድርጎ ያሳይሃል» ተብዬ ገዝቼ በሬ ላይ ያሰቀልኩት። እውነትም ያሳያል። ጋሼ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያስተካክሉ ይታያል። አንድ የቤት መኪና ከታች በኩል ሲመጣ፣ ሲመታቸው፣ ጥቂት ሄዶ ፍሬን ሲይዝ፣ ከዚያ ጥሏቸው ሲሄድ ይታያል። ታርጋው መኖር ባለበት ቦታ ላይ ግን ድፍን ነጭ ብርሃን ብቻ ነው ያለው።

«እስቲ አጉላው» አለኝ አንዱ። አጎላሁት። ነጩ ተለቀ። ሌላዋ ፖሊሶች የሚያጠሩበት ኮምፒውተር አላቸው አለች። ታርጋን በማሽን ማንበብ እንግሊዝ አገር በፖሊስ የምርምር ክፍል ከተፈለሰፈ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ማለት ነው፣ ብዙ ዘመን አልፏል። ካሜራው ያልያዘውን ቁጥር ግን ዛሬም የትኛውም ማሽን ፈልጎ አያመጣውም።

ያ ነጭ ብርሃን እንቅልፍ ነሳኝ። ሁሉን አይቶ አንዷን አስፈላጊ ነገር የሚስት ዓይን ሰቅዬ፣ ሰፈሩን ሁሉ «ካሜራ አለን» አሰኝቼ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሣሁ።

የታርጋ ሽፋን ብርሃንን ወደ መጣበት እንዲመልስ ተደርጎ የሚሠራ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ሾፌር በራሱ መብራት እንዲያየው። የካሜራው ኢንፍራሬድ አምፖሎች ደግሞ ሌንሱን ከበው ነው የተደረደሩት። በዓይናችን አናያቸውም፤ የስልክ ካሜራ ቢያዞሩባቸው ግን ሐምራዊ ሆነው ይታያሉ። እንግዲህ የላኩት ብርሃን ከታርጋው ተመልሶ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ግን ጨለማውን መንገድ ለማሳየት ሲል ብርሃን እንደተጠማ ነው የሚያድረው፤ ሻተሩን አዘግይቶ፣ የብርሃን ማጉያውን እስከ ጥግ ከፍቶ። ታርጋው ሲመጣበት ታዲያ ይታወራል። ታርጋውን ሳያየው ቀርቶ አልነበረም፤ ከልክ በላይ አይቶት ነው።

ፍጥነትም አለ። ሌሊት በራሱ ሲሠራ የእኔ ካሜራ ሻተሩን 1/25 ሰከንድ ላይ ያደርገዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት 44 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ረጅሙ ታርጋ ራሱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተሳቡ ይደራረባሉ። በ1/1000 ሰከንድ ግን ያው መኪና የሚሄደው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የአክስቴን ልጅ መኪናውን ይዞ እንዲመጣ ለመንኩትና አንድ ምሽት ሞከርነው። ሻተሩን በእጄ 1/1000 ላይ አደረግሁ፤ ማጉያውን ዝቅ አደረግሁ። ስክሪኑ ድርግም አለ። መንገዱ ጠፋ፣ አጥሩ ጠፋ፣ ዛፉ ጠፋ። ያበላሸሁት መስሎኝ ልመልሰው ስል መኪናው አለፈ። በጨለማው መሀል ሁለት ደብዛዛ የኋላ መብራቶች፣ በመካከላቸው ታርጋው፤ ጥቁሩ ቁጥር በነጭ ላይ። ትንሽ ነበር፤ ጠርዙም ደብዘዝ ያለ። ግን ቁጥር ነበር። እንባዬ መጣ። ያን ሌሊት እንዲህ ቢሆን ኖሮ እያልኩ።

ከዚያ በኋላ የሌንሱ ጉዳይ መጣ። ካሜራ ስንገዛ ስንት ሜጋፒክስል ነው ብለን እንጠይቃለን፤ ምን ያህል ስፋት ላይ እንደሚበተን ግን አንጠይቅም። የእኔው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ነበረው። እንዲህ ያለው ሌንስ በ15 ሜትር ርቀት ከ40 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያሳያል፤ 1920ው ፒክስል በዚያ ሁሉ ላይ ሲከፋፈል ለታርጋው የሚደርሰው ወደ 22 ገደማ ነው። ለአንድ ቁጥር ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሌንሱ የሚስተካከል ሌላ ካሜራ ገዛሁና ወደ 13 ሚሊሜትር አጠበብኩት። አሁን የሚያየው ስድስት ሜትር ያህል ነው፤ ታርጋው 160 ፒክስል ያገኛል። ያነጣጠርኩት፣ መኪና ሁሉ ቀስ በሚልባት የመንገዳችን ብሬከር ላይ ነው፤ ለዚያውም ከኋላ፣ የፊት መብራት እንዳይወጋው። ፎከሱን ያስተካከልኩት በሌሊት ነው፤ ቀን ጥርት ያለው ምስል በኢንፍራሬድ ሲሆን ይደበዝዛል።

ስለ ታርጋዎቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። ኮድ 1 ቀይ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ፣ ኮድ 3 አረንጓዴ እያልን ቀን ላይ በቀለሙ ብቻ እንለያለን። ኢንፍራሬድ ቀለም አያውቅም። ሁሉንም ግራጫ ያደርገዋል፤ አንዳንዱን ቀለም፣ በተለይ ቀዩን፣ ከነጩ ጋር ሊያመሳስለው ይችላል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ኮዱ ከተለያየ ደግሞ ሁለት መኪና ነው። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ማንበብ አይበቃም፤ ያቺ ትንሿ የኮድ ቁጥር ካልተነበበች ያልበደለ ሰው በር ልናንኳኳ እንችላለን። ይህን ሳስብ ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው። ጋሼን የገጨው ይገኝ ብዬ ሌላውን ብወነጅልስ?

ጉዳዩን ለእድሩ አቀረብኩት። ታርጋም ቢሆን የሰው ምስጢር ነው፤ ማን መጣ፣ ማን አመሸ፣ የማን መኪና የማን በር ላይ አደረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያዛል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 ሆኖ ወጥቷል። እኛም ተስማማን። ቪዲዮው በሰባት ቀን ይጠፋል፤ አደጋ ወይም ስርቆት ደርሶ ፖሊስ ካልጠየቀ አይከፈትም። የድሮውን ካሜራ ወደ ጋሼ ጎጆ ፊት ብቻ አዞርኩት፤ የሁለቱንም ሰዓት እኩል አደረግሁ። እሱ የሆነውን ያሳያል፣ አዲሱ ቁጥሩን ይነግራል።

ያን ሌሊት የገጫቸው እስካሁን አልተገኘም። ጋሼ ግን ተመልሰዋል። አትመለሱ ብለን ነበር፤ እምቢ አሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ፣ እንደ እናቴ የማያቸው፣ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ማታ ነው የምትሠራው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያቺ አዲሷ ካሜራህ ልጅቷ በስንት ሰዓት እንደምትገባ ታያት ይሆን? እኔ እንቅልፍ ይጥለኛል» አሉኝ። በቃል ከማስረዳ ብዬ ወደ ቤት አስገባኋቸውና ስክሪኑን አሳየኋቸው። ጨለማ ነው። ቆመን ስንጠብቅ አንድ መኪና አለፈ፤ ቁጥሩ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ሰው ሲያልፍስ?» አሉ። ያኔ ነው ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ብሬከሯን ሲሻገሩ በመስኮት ያየናቸው። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን። ምንም የለም።

«እሳቸውንም አታይም?» አሉኝ።

«አታይም፣ እማዬ» አልኳቸው፤ ሻይ ላፈላላቸው ወደ ጓዳ ገባሁ።