የማደያ ጎረቤት

ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው ይባላል። ዳሩ ግን ገዢ ሁሉ ከቤቱ ጋር ጎረቤቱንም ይገዛል። አንባቢ ሆይ፥ ጎረቤቱ ነዳጅ ማደያ የሆነ እንደ ሆነስ? ሱቅ ሊከፍት የሚያስብ ሰው ስለ መብራቱና ስለ ግርግሩ ዋጋ ይጨምራል፤ ሊተኛበት የሚፈልግ ግን ይቀንሳል። መቀነሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ ባጠረ ቁጥር የመኪናው ሰልፍ በር ይዘጋል። በቤንዚን ትነት ውስጥ የደም ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ንጥረ ነገር አለ። ከመሬት በታች የተቀበረው ማጠራቀሚያ ያፈሰሰ እንደ ሆነ ደግሞ ዓይን ሳያየው የጉድጓድ ውሃ ይበክላል፤ የሚከፋው ይህ ነው።

ታናሽ እኅቴና ባለቤቷ እንዲህ ያለ ቤት በአዲስ አበባ አግኝተዋል። ደላላው «ጋሼ፥ ታክሲው እኮ ደጃፍዎ ላይ ነው!» እያለ አሞገሰልኝ (የደላላ አፍንጫ ሽታ አይሰማውም)። የእኅቴ ባል በቅናሹ ልቡ ተማርኳል፤ ለሚወለደው ልጅ ማሳደጊያ ይተርፈናል ይላል፤ ሐሰትም አይደለም። በግቢው ውስጥ ግን የጉድጓድ ውሃ አለ፤ እኅቴም ነፍሰ ጡር ናት። ቀብዱን እስከ ቅዳሜ እንዲያቆዩት ለምኛቸዋለሁ፤ ውሃውን የሚመረምር ሰው እየፈለግሁ ነው።