ከጎረቤት አጥር የመጣ ቀለም

መቼም ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ስለ ሸዋ ሮቢት የሚያወራው ሙቀቷን ብቻ ነው። የጣርማ በርን ብርድ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ ጃኬቱን እያወለቀ "ኡፍ!" ይላል። እኛ የቀወት ልጆች ግን ሙቀቱን አናማውም። ቡጋንቪላ የሚባለው እሾሃም ሐረግ አጥር ላይ እንደ እሳት የሚንቀለቀለው ፀሐይ ሲጠግብ ነዋ!

አበባ የምንለውም አበባው አይደለም። ቀዩም ሐምራዊውም ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። እውነተኛዋ አበባ መሀል ላይ ያለችው ሚጢጢ ነጭ ነገር ነች።

አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ፈረንሳዊው መርከበኛ ቡጌንቪል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲደርስ፣ አብሮት የተጓዘው የዕፅዋት አዋቂ ኮሜርሶን ረዳት ነበረችው፤ ወንድ መስላ የተሳፈረችው ዣን ባሬ። ተክሉን ያገኘችው እሷ ናት የሚሉ አሉ። ስሙ ግን ለአለቃው ሆነ። አይገርምም እናንተዬ?

ግቢ ውስጥ የምንተክላቸው ብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር እምብዛም አይዙም። ስለዚህ "እትዬ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ይስጡን" ማለት ግድ ነው። እርሳስ የሚያህል የጠነከረ ቅርንጫፍ በስንዝር ልክ ከአንጓው ሥር ቆርጦ፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ጥላ ሥር መትከል ነው። ውሃ ካበዛችሁበት ይበሰብሳል። በአንድ ሁለት ወር ሥር ይሰዳል። ሥሩ ስስ ስለሆነ ሲዛወር ከነአፈሩ ይሁን። ከጸደቀ በኋላ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚደምቀው።

እንግዲህ በየአጥሩ የምናየው ቀለም ሁሉ ከሌላ ሰው አጥር የመጣ ነው። ይፋት ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ማለት አማራም፣ ኦሮሞም፣ አርጎባም ነው። ቅርንጫፏ ከማን ግቢ እንደመጣች ቀለሟ አይናገርም።

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ጎረቤታችን አጣዬ ተቃጠለች። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ሰውም ቤቱን እየዘጋ ወጣ። ቤት በቆርቆሮና በብሎኬት ይመለሳል። ቡጋንቪላ ግን ከገበያ ዘር ተገዝቶ አይዘራም፤ ቅርንጫፍ የሚሰጥ ጎረቤት ይፈልጋል።

ምክራችን አጭር ነው። ሐረጋችሁን ስትከረክሙ ቁርጥራጩን አታቃጥሉት፤ ለጎረቤት ስጡት። የእናንተ አጥር የወደቀ ቀን ቀለማችሁን የምትለምኑት ከእሱ ነው።